የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ፖሊሲውን ጫንኩ፤ ሰርቪሱ ግን አሁንም እንደ ልቡ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ እሸት ቡና ከገበሬ በሚሰበስብ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ የኔ ኃላፊነት ነው። ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሊሙ መሰብሰቢያዎች ቡናው ሲመዘን የገበሬው ስምና ኪሎው በስልክ ይላክልናል። ያንን የሚቀበል ሰርቪስ በፓይተን ጽፌ አልማሊኑክስ 9 የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ አልነሳ አለ፤ 203 የሚል ስህተት ሰጠኝ። ጓደኛዬ «ኤስኢሊኑክስን (ፕሮግራሞች በፖሊሲ ከተፈቀደላቸው ውጪ እንዳይሠሩ የሚያጥረውን የሊኑክስ ጥበቃ) ፐርሚሲቭ (የማይከለክል፣ የሚመዘግብ ብቻ) አድርገው፣ ማስነሻው መስመር ላይ ደግሞ ከስክሪፕቱ በፊት ፓይተንን ጥራ» አለኝ። እውነትም ተነሳ። ወራት ሠራ። አሁን ሲስተማችንን የፈተሸ ባለሙያ «ይህ ሰርቪስ በፖሊሲ ታጥሮ ነው መሥራት ያለበት» ብሎ ጽፎ ሄደ። ኤስኢሊኑክስን ወደ ኢንፎርሲንግ (እውነት ወደሚከለክልበት ሁኔታ) መለስኩት። በኤስኢፖሊሲ መሣሪያ ፖሊሲ አዘጋጅቼ ጫንኩ። ግን ፕሮሰሱን ሳየው አሁንም «አንኮንፋይንድ ሰርቪስ» (ያልታጠረ ሰርቪስ) ይላል። ሎጉ (የክስተት መዝገቡ) ላይም አንድ ክልከላ የለም። ምን ጎደለኝ? ወይስ እየሠራ ስለሆነ ልተወው?
ስሜ ይቆይ፣ ጅማ

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። እባክህ እንዳትተወው። እኔም የምኖረው እዚሁ ጅማ ነው፤ በዚያ ሰርቨር ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ። የገበሬው ስም አለ፣ ስልክ ቁጥሩ አለ፣ ስንት ኪሎ አስገብቶ ስንት ብር እንደሚጠብቅ አለ። አንድ ሰው ገብቶ ኪሎ ቢቀንስበት ገበሬው በምን ያስረዳል? ወረቀት እጁ ላይ የለም። ስለዚህ ጥያቄህን ሰፋ አድርጌ ነው የምመልሰው።

የጎደለህ አንድ ነገር ነው። እሱም ጓደኛህ ያስጨመረህ ቃል ውስጥ አለ።

አንድ ሰርቪስ ወደ ራሱ ዶሜይን (ፖሊሲው ወዳጠረለት ክልል) የሚገባው በሚነሳበት ቅጽበት ነው። ሲስተምዲ፣ ማለትም ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ አንድን ፋይል ሲያስነሳ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የዚያን ፋይል ሌብል፣ ኤስኢሊኑክስ የለጠፈበትን መለያ፣ ያያል። ሌብሉ አንተ ፖሊሲ ላይ ያስቀመጥከው የማስነሻ ሌብል ከሆነ ፕሮሰሱን ወደ ሰርቪሱ ዶሜይን ያሻግረዋል። ከዚያ በኋላ ፖሊሲው ይገዛዋል። አሁን የማስነሻ መስመርህን ተመልከት። መጀመሪያ የሚጠራው ስክሪፕትህ ሳይሆን ፓይተን ነው። የተነሳው ፋይል ፓይተን ስለሆነ የሚታየውም የፓይተን ሌብል ነው። ያ ደግሞ ማንኛውም ተራ ፕሮግራም ያለው ሌብል ነው። ስክሪፕትህ በዚያ ሰዓት እንደ ማንኛውም የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ ሌብሉን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሲስተሙ የራሱ ፖሊሲ የሌለውን ሰርቪስ ሁሉ የሚያስገባው አንኮንፋይንድ ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ ያንተም እዚያ ገባ። ፖሊሲህ በትክክል ተጭኗል። የሚገዛው ፕሮሰስ ግን የለም። ሎጉ ዝም ያለውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ፓይተንን የሚጠራው መስመር ይሁን። ስክሪፕቱን የሚነሳ ፋይል አድርገው። ሲስተምዲ ፋይሉ ውስጥ «ፓይተን 3» የሚለውን አውጣና ቀጥታ የስክሪፕቱን ቦታ ብቻ ጻፍ። ከዚያ ሪስቶርኮን በሚባለው ትዕዛዝ ሌብሉን አድስ፣ ሰርቪሱን መልሰህ አስነሳ። ፒኤስን (የሚሠሩ ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ) በካፒታል ዜድ ስትጠራ ከፕሮሰሱ ፊት ለፊት የራሱን ዶሜይን ማየት አለብህ። ካላየህ ወደሚቀጥለው ነገር እንዳትሄድ፤ ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

አንዳንድ ሰው አቋራጭ ብሎ የማስነሻውን ሌብል ፓይተን ላይ ይለጥፋል። ይህን በፍጹም አታድርግ። ሰርቨሩ ላይ በፓይተን የሚሠሩ ሌሎች ነገሮች ሁሉ ይዛባሉ።

ያ 203 ግን ከየት መጣ? 203 ማለት ሲስተምዲ ፋይሉን ማስነሳት አልቻለም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦ ስክሪፕቱ ሆም ፎልደር ውስጥ ተጽፎ ሲያልቅ በኤምቪ ትዕዛዝ ኦፕት ወደሚባለው ፎልደር ይዛወራል። ኤምቪ ፋይሉን የሚያዛውረው ከነሌብሉ ነው። ስለዚህ ቦታው ኦፕት ቢሆንም ሌብሉ አሁንም «የተጠቃሚ ሆም ፋይል» ነው። ሲስተምዲ ደግሞ ከሰው ሆም የመጣን ፋይል ሰርቪስ ብሎ እንዳያስነሳ ተከልክሏል። በሲፒ ትዕዛዝ ገልብጠኸው ቢሆን ኖሮ የአዲሱን ቦታ ሌብል ይይዝ ነበር። አንዲት ሪስቶርኮን ትበቃው ነበር። ጓደኛህ ክፋት አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ የሰጠህ ምክር ግን በሩን ከመክፈት ይልቅ አጥሩን አስዘለለህ። ሰርቪሱ የተነሳው ፖሊሲው ከማያየው በኩል ስለዞረ ነው።

ሙሉ በሙሉ አለማጥፋትህ ግን ጠቅሞሃል። ፐርሚሲቭ ላይ ሲሆን ኤስኢሊኑክስ አይከለክልም እንጂ አዲስ ፋይል ሲፈጠር ሌብል መስጠቱን ይቀጥላል። አጥፍተኸው ቢሆን ወራት ሙሉ የተፈጠረው ፋይል ሁሉ ያለ ሌብል ይቀር ነበር። ያኔ መላውን ዲስክ እንደገና ሌብል ማድረግ ይመጣል። እሱ ደግሞ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ በኛ ከተማ መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ። አጥፍቶት የቆየ አንባቢ ካለ ይህን ሥራ ያለ ዩፒኤስ አይጀምር፤ የመጀመሪያው መነሻም በፐርሚሲቭ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰርቪስህ ዶሜይኑ ውስጥ ሲገባ ሎጉ መሙላት ይጀምራል። አትደንግጥ። መሣሪያው ያዘጋጀልህን ቲኢ የሚባለውን ፋይል ብትከፍተው፣ ዶሜይኑን ፐርሚሲቭ የሚያደርግ መስመር ታገኛለህ። መሣሪያው ራሱ ነው ያስገባው። ያ መስመር እስካለ ድረስ ሰርቨሩ በሙሉ ኢንፎርሲንግ ቢሆንም ያንተ ሰርቪስ ብቻ አይከለከልም፤ ይመዘገብበታል እንጂ። ለመማሪያ ጊዜ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ያንን መስመር እዚያው ይረሳዋል። ፕሮሰሱ በራሱ ዶሜይን ሲታይ ታጠረ ብሎ ያምናል። አልታጠረም።

አንድ የሎግ መስመር አብረን እናንብብ። ኤዩሰርች በሚባለው ትዕዛዝ ኤቪሲ የሚሉትን (የኤስኢሊኑክስን የክልከላ መዝገቦች) ብቻ አውጣ። መጀመሪያ አካባቢ «ዲናይድ» የሚል ቃል አለ። ከሱ ቀጥሎ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የተሞከረው ድርጊት ይገኛል፦ ሪድ፣ ራይት፣ ኦፕን፣ ወይም ከኔትወርክ ጋር ከሆነ ኔም ኮኔክት። «ኮም» የሚለው የፕሮግራሙን ስም፣ «ኔም» የሚለው የፋይሉን ስም ይሰጥሃል። ከዚያ ሁለት ኮንቴክስቶች (ሙሉ ሌብሎች) አሉ። በኤስ የሚጀምረው ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ በቲ የሚጀምረው የተጠየቀው ምን እንደሆነ ይነግርሃል። መጨረሻ ላይ «ፐርሚሲቭ» ብሎ 1 ወይም 0 ይላል። 1 ካለ «ብከለክለው ኖሮ ይህን እከለክል ነበር፤ ግን አሳልፌዋለሁ» እያለህ ነው። 0 ካለ እውነት ተከልክሏል። ይህችን መስመር ማንበብ የለመደ ሰው ኤስኢሊኑክስን ማጥፋት አያምረውም።

አሁን ትልቁ ፈተና ይመጣል። ኦዲት-ቱ-አላው የሚባል መሣሪያ አለ። ሎጉን ስትሰጠው የተከለከለውን ሁሉ የሚፈቅድ ፖሊሲ በሰከንድ ይጽፍልሃል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀመዋለሁ። ግን እሱ የሚያውቀው የሆነውን እንጂ መሆን ያለበትን አይደለም። ሎጉን እንዳለ ሰጥተኸው የወጣውን እንዳለ ከጫንክ፣ ሰርቪሱ የሞከረውን ሁሉ ፈቀድክለት። ስህተት የሠራበትንም ጭምር። ይህ ኤስኢሊኑክስን ከማጥፋት ብዙም አይሻልም። እንዲያውም የታጠረ መስሎ ስለሚታይ ይብሳል።

ስለዚህ ሎጉን ከማየትህ በፊት ወረቀት ያዝ። ሰርቪሱ ለሥራው የሚያስፈልገውን በራስህ እጅ ጻፍ። ያንተ እንዲህ ይመስለኛል፦ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን የራሱን ኮንፊግ ያነባል። ቫር ሊብ ሥር ባለው የራሱ ፎልደር ይጽፋል። በ8095 ወይም አንተ በመረጥከው አንድ ፖርት ላይ ይቀበላል። ከዳታቤዙ ከፖስትግሬስ ጋር በ5432 ፖርት ይገናኛል። ሎግ ይጽፋል። አለቀ። ከዚያ እያንዳንዱን የሎግ መስመር ከወረቀቱ ጋር አስተያይ።

የራሱን ፎልደር የሚመለከተው ቀላል ነው፤ ለፎልደሩ የራሱን ሌብል ስጥና ፍቀድ። ቫር ሊብ በሙሉ ላይ እንዲጽፍ አትፍቀድ፤ ሌሎች ሰርቪሶችም እዚያ ነው የሚያድሩት። ለፖርቱም እንዲሁ፦ በሴማኔጅ (የሌብል ደንብ በሚመዘግበው ትዕዛዝ) የራሱን የፖርት ሌብል ስጠው። «ማንኛውም ፖርት» የሚል ፈቃድ ያጓጓል፤ ያኔ ግን የተጠለፈ ሰርቪስ በፈለገው ፖርት በር ይከፍታል። ፖስትግሬስ የራሱ የፖርት ሌብል ቀድሞም አለው፤ ወደዚያ ብቻ እንዲገናኝ ፍቀድ።

ከሆም ፎልደር የሚያነብ ሙከራ ካየህ ፖሊሲውን አትንካ። አንዱ ፋይል በኤምቪ መጥቷል ማለት ነው፤ ሌብሉን አስተካክል። እዚህ ላይ ሲኤችኮን በሚባለው ትዕዛዝ ብትቀይረው ለጊዜው ይሠራል፤ ግን ዲስኩ እንደገና ሌብል ሲደረግ ይጠፋል። በሴማኔጅ መዝግበህ በሪስቶርኮን አድሰው፤ ያ ይጸናል።

ፓይተንን ማስነሳት ግድ ስለሆነ የተራ ፕሮግራም ሌብል ያላቸውን ፋይሎች እንዲያስነሳ መፍቀድህ አይቀርም። ሼል (የሚጻፍለትን ትዕዛዝ የሚፈጽመው ፕሮግራም) ግን የራሱ የተለየ ሌብል አለው። እሱን አትፍቀድ። የሚዛን ኪሎ የሚቀበል ሰርቪስ ሼል ምን ያደርግለታል? ሰብሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሼል ነው። «ታዲያ ከርል የሚባለውን አስነስቶ ከውጭ ነገር ቢያወርድስ?» ካልክ፣ ከርልም የሚነሳው እዚያው ዶሜይን ውስጥ ነው። ዶሜይኑ ከፖስትግሬስ ውጪ ወደ ማንም መገናኘት ካልተፈቀደለት ከርልም አይችልም።

ወደ 443 ፖርት (ከድረ ገጾች ጋር መገናኛው) የሚገናኝ ሙከራ ካየህስ? ለገበሬው የኤስኤምኤስ ማረጋገጫ የምትልክ ከሆነ ምክንያቱ ይታወቃል። ካልሆነ ቁም። ማን እንደሚገናኝና ወዴት እንደሚገናኝ ሳታውቅ ወደሚቀጥለው መስመር አትለፍ።

በፐርሚሲቭ ምን ያህል ይቆይ? የቀን ቁጥር አልሰጥህም። ሥራው ሙሉ ዙር ይሂድ። ቡና የሚበዛበት የጥቅምትና የኅዳር ዓይነት ቀን ይየው። የክፍያ ቀን ይየው። አሮጌው ሎግ ተዘግቶ አዲስ የሚከፈትበትን ጊዜ ይየው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቪሱ ራሱን ችሎ ሲነሳም ይየው፤ ያን ጊዜ የሚነካቸው ፋይሎች ከሌላው ጊዜ ይለያሉ። ደግሞም ሰርቪሱ እየተሰናከለ ሎጉ ዝም ካለ፣ ፖሊሲው ውስጥ «ከልክል፣ ግን አትመዝግብ» የሚሉ ደንቦች አሉ። ሴሞጁልን (ፖሊሲ የሚጭነውን ትዕዛዝ) በዲቢ ብትጠራው እነሱን ለጊዜው ያነሳቸዋል፤ ስትጨርስ በቢ ብቻ መልሳቸው።

ሎጉ ከጠራ በኋላ ያንን የፐርሚሲቭ መስመር ሰርዝ፣ ፖሊሲውን እንደገና ገንባ፣ ጫን። ከዚያ ፈትነው። የሼዶው ፋይልን (የይለፍ ቃሎች የሚቀመጡበትን) በማስነበብ አትፈትነው። ሰርቪሱ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ሥልጣን ካልተነሳ ተራው የፋይል ፈቃድ ቀድሞ ስለሚከለክለው ጥያቄው ኤስኢሊኑክስ ጋ እንኳ አይደርስም፤ ሎግም አይወጣም። ይልቅ ሆም ውስጥ የተፈጠረ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው የተፈቀደ ፋይል በኤምቪ ወደ ኦፕት አምጣ። የሙከራ ስክሪፕት ያንኑ የማስነሻ ሌብል ሰጥተህ በሲስተምዲ በኩል ያንን ፋይል ለማንበብ ይሞክር። ተራው ፈቃድ አሳልፎት ኤስኢሊኑክስ ከከለከለው፣ ሎጉም 0 ካለ፣ አጥሩ ቆሟል።

ልዩነቱም ይኸው ነው። በተለመደው ፈቃድ የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ይፈቅዳል፤ ሩትን ደግሞ የሚከለክለው የለም። በዚህኛው ግን ባለቤቱም ሩትም በፖሊሲው ሥር ናቸው። ባለቤቱ ራሱ ቢመጣ ያለ መውጫ ሰነድ አንድ ጆንያ የማያስወጣ የመጋዘን ዘበኛ ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጅህ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ካለህ አንድ እውነተኛ ነገር ንገረው። በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ራንሲ በሚባለው የኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬድ ሳጥን) ማስነሻ ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ፤ ከኮንቴይነር ውስጥ ወጥቶ ዋናውን ሰርቨር ለመያዝ ያስችል ነበር። ሬድ ሃት ኤስኢሊኑክስ በኢንፎርሲንግ የሚሠራባቸው ሲስተሞቹ ከዚህ ጥቃት የተጠበቁ እንደሆኑ አሳውቋል። ያልታወቀ ቀዳዳ ሲወጣ ቀድሞ የቆመ አጥር የሚሰጠው ይህን ነው።

የማይሰጠውንም ልንገርህ። ሰርቪስህ ዳታቤዙን እንዲያይ ተፈቅዶለታል። ኮድህ ከስልክ የመጣውን ጽሑፍ ሳያጣራ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ ከሆነ፣ ሌባው በዚያው በተፈቀደው መንገድ ኪሎ ይቀይራል። ፖሊሲው ይህን አያይም። ለዳታቤዙ ተጠቃሚ የሚያስፈልገውን መብት ብቻ ስጠው፤ የተመዘገበ ኪሎ መሰረዝና መቀየር የማይችል ይሁን። ማስተካከያ ካስፈለገ እንደ አዲስ መዝገብ ይግባ።

ጥያቄ፦ ይህ ኤስኢሊኑክስ የተባለውን የሠራው የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ነው ይሉኛል። የድርጅታችንን ሰርቨር ለዚህ አምኜ ልስጥ?
አንድ የንግድ ቤት ኃላፊ፣ ጅማ፣ ጅሬን

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ የሰሙትም እውነት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ነው የጀመረው። በታኅሣሥ 2000 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ለቀቀው። በ2003 ወደ ዋናው የሊኑክስ ከርነል 2.6 ገባ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ብዙ ባለሙያዎች ሲያነቡትና ሲያስተካክሉት ኖረዋል።

ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን አሠራሩ ነው። ተራው የሊኑክስ ፈቃድ የከለከለውን ኤስኢሊኑክስ መፍቀድ አይችልም። በተፈቀደው ላይ ተጨማሪ ክልከላ ያደርጋል እንጂ። እና ደግሞ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ በየቀኑ እየተጠቀሙበት ነው። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 ወዲህ፣ በሙሉ ኢንፎርሲንግ ነው የሚሠራው። ሰርቨርዎን ይስጡት።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ኡቡንቱ ላይ ሰርቪስ እየሠራሁ ነው። እኛ ጋ ኤስኢሊኑክስ የለም፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው አፕአርመር ነው ያለው። ፕሮፋይል (የአፕአርመርን ፖሊሲ) ጽፌ ጫንኩ፣ ግን ሰርቪሱ አልታጠረም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ያለውን መልስ አንብቢው፤ ያንቺም ችግር ከዚያ የራቀ አይመስለኝም። አፕአርመር በ2010 በከርነል 2.6.36 ዋናው ሊኑክስ ውስጥ ገባ። ፋይልን የሚያውቀው በሌብል ሳይሆን ባለበት ቦታ ነው። ስለዚህ ለመጀመር ይቀላል፤ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ስታዛውሪ ግን ፕሮፋይሉም መቀየር አለበት። ፕሮፋይልሽ የስክሪፕቱን ቦታ የሚጠራ ከሆነና ሲስተምዲ ፓይተንን ቀድሞ የሚያስነሳ ከሆነ ፕሮፋይሉ አይያያዝም። ስክሪፕቱን ቀጥታ አስነሺው፤ ወይም ሲስተምዲ ፋይሉ ላይ የአፕአርመር ፕሮፋይሉን በስሙ ጥሪው።

ለመማሪያ ጊዜ ኮምፕሌይን ሞድ (እንደ ፐርሚሲቭ ሳይከለክል የሚመዘግበውን) ተጠቀሚ፤ ኤኤ-ሎግፕሮፍ ሎጉን እያነበበ አንድ በአንድ ይጠይቅሻል። ሁሉንም «ፍቀድ» እያልሽ አትለፊ፤ እያንዳንዱን ለምን እንደፈቀድሽ ጻፊ፤ ለመመረቂያ ወረቀትሽም ያ ዝርዝር ጥሩ ምዕራፍ ይሆናል። ከዚያ ኤኤ-ስታተስን ጥሪ። ፕሮፋይል እያላቸው ያልታጠሩ ፕሮሰሶችን ለብቻ ይዘረዝራል። ሰርቪስሽ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ ፕሮፋይሉ ከመጫኑ በፊት ነው የተነሳው፤ አጥፍተሽ አስነሺው።